ማየት ሥራ ነው?

አክስቴ በበዓል ቁጥር የምትጠይቀኝ አንድ ጥያቄ አላት። «አንተ ልጅ፣ ቤት የምትሠራልን መቼ ነው?» የተመረቅሁት በሲቪል ምህንድስና ነው። ከተመረቅሁ ወዲህ ግን አንድ ግድግዳ እንኳ አላቆምኩም፤ እንጀራዬ ሶፍትዌር መጻፍ ነው። መጀመሪያ አካባቢ ለማስረዳት እሞክር ነበር። አሁን «ለሚቀጥለው ፋሲካ» እላታለሁ፣ ትስቃለች፣ ወሬው ወደ ሌላ ይሄዳል። ቀልድ ነው። ቀልዱ ውስጥ ግን ክስ አለ፦ አምስት ዓመት የለፋህበትን፣ ሰፈሩ ሁሉ «ኢንጂነር» ብሎ የጠራህን ሙያ የት ጣልከው?

ይህን ክስ ሳስብ አንድ ጣሊያናዊ ትዝ ይለኛል። ጋብሪየሌ ባዚሊኮ ይባላል። በ1944 ሚላን ተወለደ (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው)፣ በ1973 ከሚላን ፖሊቴክኒክ በአርክቴክቸር ተመረቀ፣ ከዚያ ካሜራውን ይዞ ሄደ። በ2013 እስኪሞት ድረስ አርባ ዓመት ያህል ያነሳው ሕንጻ፣ መንገድ፣ ወደብና የከተማ ዳርቻ ነው፤ አብዛኛውንም በጥቁርና ነጭ። ስም ያወጣለት ሌሎች የሠሩትን ማየቱ ነው። እንደውም ብዙ ጊዜ ያየው ማን እንደሠራቸው የማይታወቁ፣ አላፊ አግዳሚው ዞር ብሎ የማያያቸውን ሕንጻዎች ነው።

ታዲያ ማየት ሥራ ነው ወይ? እኛ ዘንድ መልሱ ግልጽ ይመስላል። ቆሞ የሚያይ ሰው ሥራ ፈት ነው። መንገድ ሲቆፈር በአንዱ ቆፋሪ ዙሪያ ስምንት ሰው እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ይቆማል፤ ደመወዝ የሚከፈለው ለቆፋሪው ነው፣ ትክክልም ነው። «ልብህን ተከተል» የሚለውን የዩቲዩብ መልስ እዚህ አላመጣውም። የአንዱ ልብ መርካት ለሌላው ጣሪያ አይሆነውም። ቤት መሥራት የተማረ ሰው፣ ቤት በሚያስፈልግበት ዓለም ውስጥ፣ «እኔ ቆሜ ልይ» ሲል ማንን ይበድላል? የምጠይቀው ይህን ነው።

በስድሳዎቹ መጨረሻ የሚላን የአርክቴክቸር ፋኩልቲ የተማሪ ንቅናቄ ከናጣቸው ቦታዎች አንዱ ነበር። ክርክሩ ዛሬም የሚገባን ዓይነት ነው፤ ሕንጻ የሚሠራው ለማን ነው? ባዚሊኮ ገና ተማሪ ሳለ በ1969 ስኮትላንድ፣ ግላስጎው ድረስ ሄዶ የድሆችን ሰፈሮች አንስቷል። በዚያ ዘመን ለሱም ለእኩዮቹም ካሜራ የማኅበራዊ ጥያቄ መሣሪያ ነበር። በዚያው ቢቀጥል ኖሮ ታሪኩ ለኔም ቀላል ይሆንልኝ ነበር። «ቤት ከመሥራት ይልቅ የተበደለውን ማሳየት መረጠ» ብዬ እዘጋው ነበር። ግን አልቀጠለም። ሰውን ከፎቶው አስወጣው።

ነገሩ የሆነው በ1978 የፋሲካ ሰሞን ነው። ሚላን በጭጋጓ የምትታወቅ ከተማ ናት፤ በዚያ ቀን ግን ነፋስ ሰማዩን ጠርጎታል። ሱቁም ፋብሪካውም ዝግ ነው፣ መንገዱ ጭር ብሏል፣ ያቆመ መኪና እንኳ የለም ማለት ይቻላል። ባዚሊኮ በከተማዋ ዳር ባለ የፋብሪካ ሰፈር ሲዞር፣ በየቀኑ የሚያልፋቸውን ግድግዳዎች ለመጀመሪያ ጊዜ ያያቸው ያህል ሆነ። ፀሐይዋ በኃይል ትመታቸዋለች፣ የአንዱ ጥላ በሌላው ላይ እንደ ቀለም ወፍሮ ተኝቷል። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሁለት ዓመት ያህል ከሰፈር ሰፈር እየዞረ ፋብሪካ አነሳ። በ1981 በመጽሐፍ ሲወጣ ስሙን «ሚላን፦ የፋብሪካዎች ፖርትሬት» አለው። ፖርትሬት የሚባለው የሰው ምስል ነው። እሱ ግን ቃሉን ለግድግዳ ሰጠው።

ከሱ በፊት በርንድና ሂላ ቤኸር የተባሉ ጀርመናዊ ባልና ሚስት የውሃ ማማዎችንና የብረት ማቅለጫዎችን አንድ በአንድ፣ እንደ ተክል ናሙና ሰብስበዋል። ባዚሊኮ ከነሱ ተምሯል። ሆኖም ቤኸሮች ጥላ እንዳይረብሻቸው ደመናማ ቀን ይጠብቁ ነበር፤ እሱ ጥላውን ፈለገው። ለኔ ይሄ ትንሽ ልዩነት አይደለም። ጥላ የሌለው ሕንጻ ናሙና ይሆናል። ጥላ ያለው ሕንጻ ግን በሆነ ቀን፣ በሆነ ሰዓት፣ አንድ ሰው ፊቱ ቆሞ ሳለ የነበረ ነው።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚከብደው። ሰባዎቹ በጣሊያን የሠራተኛ ትግል የጋለበት ዘመን ነው። በእነዚያ ግድግዳዎች ጀርባ ሰዎች በፈረቃ ይገባሉ፣ ያድማሉ፣ ይባረራሉ። አንተ ደግሞ እነሱ ቤታቸው ባሉበት የበዓል ቀን ሄደህ ግድግዳቸውን ታነሳለህ? ቤርቶልት ብሬኽት ይህን ክርክር ከብዙ ዓመት በፊት አንስቶታል፤ ዋልተር ቤንያሚን በ1931 ስለ ፎቶግራፍ ታሪክ በጻፈው ጽሑፍ ውስጥ ጠቅሶታል። ሐሳቡ ባጭሩ፣ የክሩፕን ፋብሪካ ፎቶ ብታዩ ስለ ክሩፕ የምታውቁት ነገር የለም ነው። ማን ለማን እንደሚሠራ፣ ትርፉ ወዴት እንደሚሄድ ግድግዳው አይናገርም።

ብሬኽት ልክ ይመስለኛል። ግን እስቲ ሌላውንም እንየው። የሠራተኛውን ፊት ብናነሳስ ደመወዙን ይነግረናል? ድካሙን ይነግረናል፣ እናዝናለን፣ ያዘንን መሆናችን ደስ ይለናል፣ ወደሚቀጥለው ፎቶ እናልፋለን። እኔ ራሴ ስንቴ እንዲህ እንዳደረግሁ አላውቅም። ግድግዳ እንዲህ በቀላሉ ለማዘን አይመችም። ዝግ በር፣ ከፍ ብለው የተሠሩ መስኮቶች (ብርሃን እንዲገባ እንጂ ሰው ወደ ውጭ እንዲያይ ያልታሰቡ)፣ ከመንገዱ ጋር ምንም ወሬ የሌለው ረጅም አጥር። ባዚሊኮ የነገረን ይህን ያህል ነው፣ ከዚህ በላይ አውቃለሁም አላለም። ደሞ ሌላም ነገር አለ። በቀጣዮቹ ዓመታት ከሚላን ፋብሪካዎች ብዙዎቹ ተዘጉ። ዛሬ በከተማዋ ደቡብ የፕራዳ ፋውንዴሽን የሥነ ጥበብ ማዕከል ያለበት፣ በ2015 የተከፈተው ግቢ ድሮ የመጠጥ መጥመቂያ ነበር። «አባቴ እዚህ ይሠራ ነበር» ለማለት የሚጠቁሙት ግድግዳ ያስፈልጋል። ባዚሊኮ ያንን አስቦ አነሳ አልልም። በ1978 ሰውየው የወደደውን ብርሃን ነበር የሚከተለው። ዋጋው የታወቀው በኋላ ነው።

መጀመሪያ ላይ «ጣለው» ያልኩትን ቃል እዚህ ጋ ማረም አለብኝ። ስልካችሁን አውጡና አንድ ፎቅ ለማንሳት ወደ ላይ ቀና አድርጉት። ፎቁ ወደ ኋላ ይወድቃል፤ ጎንና ጎኑ ወደ ላይ እየጠበበ ይሄዳል። ይሄ የሚሆነው ስልኩ ሲያዘነብል ምስሉን የሚቀበለው ገጽ ከግድግዳው ጋር ትይዩ መሆኑ ስለሚቀር ነው። ባዚሊኮ በኋላ የሠራበት ትልቁ ካሜራ ለዚህ መላ አለው። ፊልሙ ያለበት የኋላ ክፍል ከግድግዳው ጋር ትይዩ ሆኖ ይቆማል፣ ሌንሱ ብቻውን ወደ ላይ ይንሸራተታል። ያኔ ቀጥ ያለው መስመር ቀጥ ብሎ ይቀራል። ምስሉ የሚታየው ከካሜራው ጀርባ ባለ ደብዛዛ መስታወት ላይ ነው፤ ተገልብጦ፣ ግራው ቀኝ ሆኖ። ጥቁር ጨርቅ ራስህ ላይ ጥለህ ታየዋለህ፣ ታስተካክላለህ፣ ከዚያ ፊልሙን ታስገባለህ፤ በዚያን ጊዜ መስታወቱ ላይ ምስሉ አይታይም። አንድ ፊልም፣ አንድ ፎቶ። ቀኑን ሙሉ ዞረህ ጥቂት ፎቶ ይዘህ ትመለሳለህ።

ይህ የአርክቴክት አስተያየት ነው። ቀጥ ያለን ቀጥ አድርጎ መያዝ፣ ፊት ለፊት መቆም፣ ሕንጻውን ከጎረቤቱና ከመንገዱ ጋር ማየት፤ ትምህርት ቤት ያስተማረው ይህንን ነው። አርክቴክት ሰርቶ ከሚያሳየን በፊት ቦታውን ማንበብ አለበት። ባዚሊኮ ንባቡ ላይ ቀረ። በ1996 የቬኒስ የአርክቴክቸር ቢዬናሌ ለሥነ ሕንጻ ፎቶግራፉ ሽልማት ሲሰጠው፣ የሙያው ሰዎች ራሳቸው ከኛ አልወጣህም ያሉት ያህል ነው።

ጥቁርና ነጩስ? እውነቱን ለመናገር ጥቁርና ነጭን እጠራጠራለሁ። ዛሬ አንድ ፊልተር ነክተህ የትናንት ቁርስህን ታሪክ ልታስመስለው ትችላለህ። ሐዘን በነፃ ይመጣል። የባዚሊኮ ግን ሐዘን የለውም፤ ወይም ቢያንስ አይሸጥም። ሁሉም ነገር ጥርት ያለ ነው፣ የራቀውም የቀረበውም፣ የጡብ መስመር ሳይቀር ይቆጠራል። ቀለም ሲወጣ የሚቀረው ቅርጹ ነው፤ ማስታወቂያው፣ በር ላይ የተቀባው ደማቅ ሰማያዊ፣ ዓይንን የሚሰርቀው ሁሉ ወደ ግራጫ ይወርድና ባለ ስሙ ሕንጻና የበሩ ዘበኛ ቤት እኩል ይሆናሉ። በኋለኛው ዘመኑ በቀለምም ሠርቷል፤ እንደ ሃይማኖት አልያዘውም። እኔ የምወደው ያንን እኩልነት ነው።

በ1984 እና በ1985 ፈረንሳይ ጠራችው። ዳታር የሚባለው የመንግሥት የግዛት ፕላን መሥሪያ ቤት ከሃያ የሚበልጡ ፎቶግራፍ አንሺዎችን ሰብስቦ ሀገሪቱን በየቦታው አንሱልን አላቸው። ይህ በጣም ይገርመኛል። ፕላን የሚያወጣ መሥሪያ ቤት ካርታውም አኃዙም እያለው «እስቲ መጀመሪያ እንየው» ሲል አስቡት። ለባዚሊኮ የደረሰው የሰሜኑ የባሕር ዳርቻ ነው። ትልቁን ካሜራ ይዞ ከወደብ ወደብ፣ ከመንደር መንደር ሄደ። ለ ትሬፖር የምትባለውን የባሕር ዳር ከተማ ከከፍታ ሆኖ ያነሳት ፎቶ በጣም የታወቀች ናት፤ ከታች ቤቶቹ ተደርድረው፣ ከወዲያ ውሃው፣ ከላይ ደመናው። ከፎቶው ውስጥ «ዋናው ይሄ ነው» የሚባል ነገር ፈልጋችሁ አታገኙም። በመጀመሪያ ሳያት አሰልችታኝ ነበር፣ አልዋሽም። ትልቅ አድርጌ ከፍቼ መስኮት በመስኮት ስሄድባት ግማሽ ሰዓት እንዳለፈ ያወቅሁት ሻዩ ሲቀዘቅዝ ነው። ባዚሊኮ ስለ ዓይን ዝግታ ደጋግሞ የሚያነሳው ነገር ያኔ ገባኝ። እሱ ቀስ ብሎ ስላየ እኔም ቀስ እንድል ተገደድኩ።

እስከዚህ ድረስ ክሱን ማምለጥ ቀላል ነው። ሚላንም ፈረንሳይም ቤት የሚሠራ ሌላ ሰው አላጡም። እውነተኛው ፈተና ቤይሩት ነው።

የሊባኖስ የእርስ በርስ ጦርነት ከ1975 እስከ 1990 ድረስ 15 ዓመት ቆየ። የከተማዋ ማዕከል፣ ገበያው፣ ሆቴሎቹ፣ አደባባዩ፣ ሁሉም ሁለቱን ወገን በሚለየው መስመር ላይ ወድቆ ነበር። በ1991 ዶሚኒክ ኤዴ የተባለች ሊባኖሳዊት ደራሲ፣ ማዕከሉ ከመነካቱ በፊት ይታይ፣ ይመዝገብ ብላ ስድስት ፎቶግራፍ አንሺዎች ጠራች። ሮበርት ፍራንክ፣ ዮሴፍ ኩደልካ፣ ሬሞን ድፓርዶን፣ ረኔ ቡሪ፣ ከሊባኖስ ፉአድ ኤልኩሪ፣ እና ባዚሊኮ። እያንዳንዱ በራሱ መንገድ እንዲያይ ተተወ።

እንግዲህ አስቡት። አንድ የተማረ አርክቴክት፣ በፈረሰ ከተማ መሀል፣ ሰው መኖሪያ ባጣበት ጊዜ፣ ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ ዘርግቶ ጨርቅ ራሱ ላይ ይጥላል። የአክስቴ ጥያቄ እዚህ ጋ ቀልድ አይሆንም።

ያደረገው፣ ቤይሩትን ልክ እንደ ሚላን ማንሳት ነው። በቃ። ጎዳናዎቹን ከጫፍ እስከ ጫፍ፣ ሕንጻዎቹን ፊት ለፊት፣ አንዳንዴ ጣሪያ ላይ ወጥቶ ሰፈሩን በሙሉ። ግድግዳው በጥይት ከመበሳቱ የተነሳ ድንጋዩ ሳይሆን ቆዳው የታመመ ይመስላል፤ መስኮቶቹ ባዶ ጉድጓዶች ናቸው፣ መንገዱ ላይ ሣር በቅሏል። ሰው የለም ማለት ይቻላል፤ ደምም፣ የሚያለቅስ እናትም የለም። ግን የመንገዱ ስፋት፣ የሰገነቶቹ አሠራር፣ የማዕዘን ሱቁ በር፣ ሁሉም ይነበባል። ካሜራው አይንቀጠቀጥም።

አንድ ወዳጄ እነዚህን ፎቶዎች ሳሳየው «ይሄ ሰውዬ ልብ የለውም እንዴ?» አለኝ። መቶ ሺህ የሚሆን ሰው በሞተበት ጦርነት ማግስት እንዲህ የተረጋጋ ምስል ነውር ነው ባይ ነው። ክርክሩ ቀላል አይደለም፤ ፍርስራሽ በጥሩ ብርሃን ያምራል፣ ማማሩም ያሳፍራል። ነገር ግን እኔ ፎቶዎቹን ሳይ የሚመጣብኝ ሐሳብ «እንዴት ያሳዝናል» አይደለም። «ሦስተኛው ፎቅ ላይ ማን ይኖር ነበር?» ነው። ወዲያው ደግሞ «ይሄ እኮ ሊጠገን ይችላል» የሚል። ሬሳ ያየ ሰው ለመቅበር ይቸኩላል። ባዚሊኮ ግን ሬሳ አላሳየንም፤ ሰዎቿ የወጡባትን፣ ሊመለሱባት የሚችሉ ከተማ ነው ያሳየን። መጮህ ለዚህ የሚጠቅመው አይመስለኝም። ከሁሉም በላይ ያስፈለገው ቀጥ ያለን ቀጥ አድርጎ መያዝ ነበር፤ ግድግዳው ቆሞ እንደሆነ የሚታወቀው በዚያ ነው።

ከዚያስ? ከዚያ አብዛኛው ፈረሰ።

ይህን ክፍል መዝለል አልችልም። ለፎቶግራፍ ተልዕኮው ገንዘብ የሰጠው የባለሀብቱ የራፊቅ ሃሪሪ ፋውንዴሽን ነው። ሃሪሪ በ1992 ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነ። በ1994 በሱ ግፊት ሶሊደር የሚባል ኩባንያ ተቋቁሞ ማዕከሉን መልሶ የመገንባት ሥራ ያዘ። የቀድሞ ባለንብረቶች በቦታቸው ምትክ አክሲዮን ተሰጣቸው። ጥቂት ሕንጻዎች በጥንቃቄ ታደሱ፤ ሊጠገኑ ይችሉ ነበር የሚባሉ ብዙዎች ግን በዶዘር ሄዱ። ሶሊደርን አጥብቀው የተቃወሙት ሰዎች መካከል የሊባኖስ አርክቴክቶች ይገኙበታል። ስለዚህ ፎቶው አላዳነም። እንደውም ክፉ ልሁንና፣ ያው ፎቶ በሌላ ሰው እጅ «ይኸው እንዴት እንደፈራረሰ ተመልከቱ፣ ማፍረስ ነው የሚያዋጣው» ለማለት ያገለግላል። ፎቶ ራሱን መከላከል አይችልም። የሚያይ ሰው ንጹሕ ነው የሚለውን ሐሳብ ቤይሩት ላይ ትቼዋለሁ። ማን ነው የከፈለህ፣ ያየኸውን ማን ይጠቀምበታል፣ እነዚህ ጥያቄዎች ድንጋይ ለሚጠርበው ብቻ ሳይሆን ለሚያየውም ይቀርባሉ።

ታዲያ ምን ቀረ? ከራሴ ሥራ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ጀማሪ ሳለሁ አንድ ድርጅት ውስጥ የቆየ ሲስተም ተሰጠኝ። ኮዱ አስቀያሚ ነበር፤ ማንም ያልጻፈው የሚመስል፣ እርስ በርሱ የተጠላለፈ። መሀሉ ላይ ምንም ትርጉም የማይሰጥ አንድ ቅድመ ሁኔታ አገኘሁና አጠፋሁት። አጠፋሁት ብቻ ሳይሆን ኮራሁበት። ሰኞ ጠዋት ስልክ ይጮህ ጀመር። ለካ ያ መስመር የተጻፈው የአያት ስም ሳያስመዘግቡ ለቀሩ የድሮ ደንበኞች ነበር፤ እነሱ ሁሉ መግባት አቃታቸው። የጻፈው ሰው ከድርጅቱ ከወጣ ዓመታት ሆኖታል። እኔ ያየሁት አስቀያሚ መስመር ነው እንጂ ከጀርባው ያሉትን ሰዎች አላየሁም። «ከዜሮ እንጻፈው» የሚለው ቃል ከዚያ ወዲህ በሰማሁ ቁጥር ያስፈራኛል። አንዳንዴ ልክ ነው፣ ከዜሮ መጻፍ ያለበት ኮድ አለ። ግን ማን አነበበው? ብዬ እጠይቃለሁ። ማንበብ ደግሞ ደመወዝ አያሳድግም፤ በሳምንቱ ሪፖርት ላይ «ይህን ሳምንት አነበብኩ» ብለህ ጻፍ እስቲ።

ከቤይሩት የቀረው፣ አንድ ሰው አንብቦት እንደነበር ነው። ማፍረስ የፈለገ ያፈርሳል፤ «ምንም የሚረባ ነገር አልነበረም» ማለት ግን አይችልም። መጽሐፉ በ1992 ታትሟል፤ ከፍቶ መቁጠር ይቻላል። ይሄ ትንሽ ነው? ትንሽ ነው። ጣሪያ አይሆንም። አርክቴክቱ ባዚሊኮ ስንት ጣሪያ ባቆመ ነበር ብዬ አስባለሁ፣ እና ቁጥሩን ከፎቶዎቹ ጋር የማመዛዝንበት ሚዛን የለኝም። ያለ ይመስለኝ ነበር ይህን መጻፍ ስጀምር።

በ2003 ወደ ቤይሩት ተመልሶ በ1991 ቆሞባቸው ከነበሩ ቦታዎች ላይ ቆመና እንደገና አነሳ። ከዚያም በኋላ በ2008 እና በ2011 ተመልሷል። ካሜራው ሳይሆን ይሄ መመላለሱ ነው ለኔ ክብደት ያለው። ቱሪስት አንዴ ያያል። አንድ ቦታ ላይ ዕዳ እንዳለበት የሚሰማው ሰው ነው ዞሮ ዞሮ «አሁንስ እንዴት ሆንክ?» ብሎ የሚመጣ።

አክስቴ የምትኖረው የቀበሌ ቤት ውስጥ ነው። ሁለት ክፍል፣ የጭቃ ግድግዳ፣ ከፊት ለፊት በዘይት ቆርቆሮ የተተከለ ጤናዳም። ሰፈሩ ይነሳል የሚል ወሬ ካለ ቆይቷል፤ ጎረቤት ሰፈሮች ተነስተዋል። ስለዚህ «ቤት መቼ ትሠራልናለህ» የሚለው ባለፈው ፋሲካ እንደ ድሮው አላሳቃትም፣ እኔም «ለሚቀጥለው» ለማለት አፌን ያዘኝ። ማታ ቤቴ ገብቼ ስልኬን ፈተሽኩ። በዚያ ግቢ ውስጥ የተነሳ ከሦስት መቶ በላይ ፎቶ አለኝ። ልደት፣ ጥምቀት፣ የአጎቴ ልጅ ምርቃት፣ ኬክ። ሁሉም ላይ ሰው ሞልቷል። ቤቱ ግን አንዱም ላይ የለም፤ በሰው ትከሻ መሀል ትንሽ የግድግዳ ቀለም፣ የበር ጠርዝ፣ የጣሪያ ቆርቆሮ ጫፍ። ከባዚሊኮ ተቃራኒ ነኝ።

በሳምንቱ ሄድኩ። ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር፣ ጥላው ልክ ነበር። ከበሩ ራቅ ብዬ ቆምኩ፣ ስልኩን ላለማዘንበል ተጠነቀቅሁ። አክስቴ ወጥታ አየችኝ።

«ምን እያነሳህ ነው?»

«ቤቱን።»

«ብቻውን?» ገረማት። «እኔ ሳልኖርበት ምን ያደርግልሃል? ቆይ፣ እንዲህ ሆኜ ደግሞ አታነሳኝም» አለችና ነጠላዋን ልታመጣ ገባች።

እስክትመለስ አንዷን አነሳሁ። በሩ ክፍት ነው፣ ውስጡ ጨለማ ነው፣ ጤናዳሙ በግድግዳው ላይ ጥላውን ጥሏል። ሁለተኛዋ ላይ እሷ አለች።